ኢሜሌ ውስጥ ብቻዬን አይደለሁም

«ምን የምትደብቂው ነገር ኖሮ ነው?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ አላስታውስም። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ስደፋው፣ ላፕቶፔን ዘግቼ ለአፍታ ስነሳ፣ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አብሮኝ ሲያነብ ዞር ብዬ ሳየው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ መልስም አይጠብቅም። ጥያቄው ራሱ ፍርድ ነው። የደበቀ ሁሉ ያጠፋ ነው እንደማለት።

አማርኛችን ግን እንዲህ አያስብም። ገመና የሚባል ቃል አለን። ገመና ጥፋት አይደለም። ድህነት ሊሆን ይችላል፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ጸብ፣ ወይ ዝም ብሎ የሰው የውስጥ ጉዳይ። «ገመናዬን ሸፈነልኝ» ብለን የምናመሰግነው ሰው ወንጀል የደበቀልን ሰው አይደለም። ቤታችንም ሳሎንና ጓዳ አለው። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላለታል፤ ጓዳ ግን ዘው ብሎ አይገባም። ቢገባ «ባለጌ» የሚባለው እሱ ነው፤ የቤቱን እመቤት «ጓዳሽ ውስጥ ምን ደብቀሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ይህን የምናውቅ ሰዎች ኢሜልና ብራውዘር ላይ ስንደርስ ጓዳውን ለምን ክፍት ትተነው እንደምንሄድ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

አንዱ ምክንያት ደብዳቤ ድሮም ለብቻ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል።

ያደግኩት ደሴ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰፈራችን ውስጥ ደብዳቤ በር ድረስ የሚያመጣ ፖስተኛ የሚባል ነገር አልነበረም። ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥን ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤት ወይም ነጋዴ ነው። ስለዚህ ከጅዳ የተላከች ደብዳቤ መጀመሪያ የአንድ ነጋዴ ሣጥን ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ በሱቁ ልጅ እጅ ሰፈር ትደርሳለች፤ ከዚያ አንባቢ ይፈለግላታል። ማንበብ ስችል አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ዐይንሽ ይባረክ፣ ይቺን አንብቢልኝ» ይሉኛል እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን። ረከቦት ቀርቧል፣ ሦስት አራት ሴቶች ተቀምጠዋል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።»

ሁሉም ደብዳቤ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። አብዛኛው የሚያልቀውም እንዲሁ ነው። የእማማ ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በሦስት ዓመት ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቀን አልከፋትም። የከፋት መሆኑ የተሰማው ከእሷ ጋር የነበረች ልጅ ተመልሳ መጥታ እማማን ጓዳ አስገብታ ካንሾካሾከችላቸው በኋላ ነው። ልጅቱ ደብዳቤዋን ማን እንደሚያነበው፣ ማን እንደሚሰማው ታውቅ ነበርና ለሳሎን የሚሆነውን ብቻ ነበር የምትጽፈው። እውነቱ በሰው እጅ ነው የሚላከው።

ስለ ኢሜልና ስለ ኢንተርኔት «ፕራይቬሲ» ሲወራ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ሌላ ሰው እንደሚያነበው ካወቅን መጻፍ አናቆምም፤ «ደህና ነኝ» ብለን እንጽፋለን።

*

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት በትርፍ ሰዓት እሠራ ነበር። ያኔ ስማርት ስልክ የለም። ደቂቃ ይቆጠራል፣ ሰው ይሰለፋል፣ ኮኔክሽን ይጠፋል፣ ይጨቃጨቁናል። ሰው ሰዓቱ ሲያልቅ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ኢሜሉ ግን ክፍቱን ይቀራል። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የማያውቀውን ሰው ሕይወት ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ያገኘዋል። እኔ እየዞርኩ መዝጋት ሥራዬ አደረግኩት። አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኝና «እስቲ ክፈቺልኝና ምን እንደመጣ ንገሪኝ» ይለኛል። ከደሴ ስወጣ የለቀቅኩትን ሥራ እንደገና ተቀጠርኩበት ማለት ነው።

ቀልድ የማይሆነው ዲቪ ሲመጣ ነው። በየዓመቱ የዲቪ ሰሞን ፎቶ የያዘ ሰው ቤቱን ይሞላዋል። ኢሜል የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሞይው አንድ ኢሜል ይከፍትለታል ወይም የቤቱን ይሰጥለታል። የማረጋገጫ ቁጥሯ ወረቀት ላይ ትታተማለች፤ አንድ ኮፒ እዚያው ትቀራለች። ልብ በሉ፣ ዕጣው ለወጣለት ሰው የአሜሪካ መንግሥት «ደርሶሃል» ብሎ ኢሜል አይልክም። ሰውየው ራሱ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ በማረጋገጫ ቁጥሩ ነው የሚያየው። ቁጥሩ ቢጠፋበት ለማስመለስ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ደግሞ ሲሞላ የተሰጠው ኢሜል ነው። ቁጥሩም ኢሜሉም ሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ዕድሉም እዚያ ሰው እጅ ነው።

አንዲት የማውቃት ልጅ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው አስሞልታ ዲቪ ወጣላት። ማወቋን ያወቀችው ከሞላላት ሰው ነው። ደውሎ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ ከዚያ ዋጋውን ነገራት። ወይ ገንዘቡን ትከፍላለች፣ ወይ አንድ የማታውቀውን ሰው በባልነት አስመዝግባ ይዛ ትሄዳለች። እናቷ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው ቁጥሯን ገዙላት። የራሷን ቁጥር! ከዚያ ወዲህ «እኔ ምን አለኝና ማን ኢሜሌን ይፈልገዋል?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ስለ ፖለቲከኛና ስለ ጋዜጠኛ አላወራውም። ይህቺን ልጅ ነው የምነግረው።

*

«ምን ትደብቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። የሚጠቅመው ጥያቄ «ከማን?» የሚለው ነው። ይህን ያስተማረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት።

ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስልክ አላት፣ ዋይፋይ ግን የቤቱ ነው፤ ማዳሟ ደግሞ በፈለገች ሰዓት ስልኩን አንሥታ ታገላብጠዋለች። ዋትስአፕ ታያለች፣ ፎቶ ታያለች፣ የማታነበውን አማርኛ ልጇ በስልክ እንዲተረጉምላት ታደርጋለች። ደመወዟ ለወራት ተይዞባታል። መውጣት ትፈልጋለች፤ ግን ከማን ጋር ትመካከር? አንድ ሌሊት በድምፅ መልእክት፣ በሹክሹክታ፣ «ሳይታይ የሚጻፍበት መንገድ የለም ወይ?» አለችኝ።

ብራውዘር ላይ በስውር መስኮት፣ ኢንኮግኒቶ በሚባለው ገብታ፣ አዲስ ኢሜል እንድትከፍት ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ ወጥታ መስኮቱን ትዘጋለች። ስልኩ ላይ የኢሜል አፕ የለም፣ የፍለጋ ታሪክ የለም፣ የተቀመጠ የይለፍ ቃል የለም።

ኢንኮግኒቶ ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነገር ነው የሚሠራው። ስልኩ የሄድሽበትን እንዳያስታውስ ያደርገዋል፤ በቃ። ኔትወርኩን የሚያቀርበው ድርጅትና የምትከፍቺው ድረ ገጽ ያዩሻል። ጉግል ራሱ በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ በ2024 ሰዎች በስውር መስኮት ሲያስሱ የሰበሰበውን መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል። አድራሻው ላይ ኤችቲቲፒኤስ ያለበት ገጽ ደግሞ ሌላ ነገር ይሠራል፤ የምታነቢውንና የምትጽፊውን መንገድ ላይ ካለ ሰው ይሸፍናል። ዋይፋዩን የያዘ ሰው የየትኛውን ድረ ገጽ በር እንዳንኳኳሽ ሊያውቅ ይችላል፤ ውስጥ ገብተሽ ያወራሽውን ግን አይሰማም።

ለእሷ ይሄ በቂ ነበር። የምትፈራው ጉግልን አይደለም፤ የምትፈራው ስልኳን ከትራሷ ሥር የሚመዝ እጅ ነው። ለሷ የሚበቃው ለጋዜጠኛ ላይበቃ ይችላል፤ ለጋዜጠኛ የሚያስፈልገው ለሷ ከአቅም በላይ ነው። ከማን እንደምትሸሸጊ ሳታውቂ ቁልፍ ብትገዢ፣ በሩን ቆልፈሽ መስኮቱን መርሳት ነው የሚሆነው።

በስምንት ወር ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ኢሜሎች ጻፈችልኝ። አንዳቸውም «ከናፍቆታችሁ በስተቀር» ብለው አይጀምሩም። የሆነባትን እንደሆነባት ነው የጻፈችው። ለእናቷ ያልነገረችውን ነው የጻፈችው።

*

በዚያው ሰሞን እጮኛዬ የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ።

በክፉ አልነበረም። ጓደኞቹ ከፍቅረኞቻቸው ጋር የስልክ መክፈቻና የይለፍ ቃል መለዋወጣቸውን ነግሮኝ፣ የእሱን ቀድሞ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። «እኔ ከአንቺ የምደብቀው የለም» አለ። ወረቀቱን ሳልገልጠው መለስኩለት።

«የኔን ልሰጥህ አልችልም።»

«ለምን? ማን ነው የሚጽፍልሽ?»

«ሰዎች።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

ልነግረው የማልችለው እሱን ነበር። ኢሜሌ ውስጥ የእኔ ምስጢር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የባንክ ማሳሰቢያ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ያልተከፈለ ሂሳብ። የአክስቴ ልጅ ሠላሳ ደብዳቤ ግን እዚያ አለ። እሷ የጻፈችው ለእኔ ነው። ለእጮኛዬ ብላ አልጻፈችም፤ እሱ የሚባል ሰው መኖሩንም ገና አታውቅም። ፓስዎርዴን ብሰጠው የእኔን ጓዳ መክፈቴ ሳይሆን፣ አምናኝ እኔ ጓዳ የተኛችን ሰው በር መክፈቴ ነው። እሱ መልካም ሰው መሆኑ ይህን አይለውጠውም። እኔም ደሴ ልጅ እያለሁ መልካም ልጅ ነበርኩ፤ ሆኖም ጮክ ብዬ ነበር የማነበው።

«የኔ ያልሆነ ነገር አለበት» ብቻ አልኩት።

ሁለት ሳምንት በቅጡ አላወራንም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሽሮ ሜዳ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ የእሱ እህት በባሏ ምክንያት ስላለችበት ችግር ሲነግረኝ ድንገት ዝም አለ። ለእኔ የነገረኝ በኢሜል የጻፈችለትን ነበር። ለማን ልትነግር ብላ እንደጻፈች ያኔ የገባው ይመስለኛል። ምንም አላለም፤ እኔም አልጨመርኩም። አሁን ባለቤቴ ነው። የይለፍ ቃሌን እስከ ዛሬ አያውቅም፤ እኔም የእሱን።

ለሁሉ ሰው እንዲህ አያልቅም። አንዲት ጓደኛዬ ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ከተለያየች በኋላ የይለፍ ቃሏን ሁለት ጊዜ ቀይራ፣ ሰውየው ግን የሥራ ቀጠሮዋን ሳይቀር ያውቅባት ነበር። አብረን ተቀምጠን የጂሜይሏን ሴቲንግ ስንበረብር፣ የሚመጣላት ደብዳቤ ሁሉ አንድ ኮፒ ወደማታውቀው አድራሻ እንዲላክ ተደርጎ አገኘነው። አንድ ቀን ስልኳን «ለደቂቃ» ተውሶ ያስቀመጠው ነገር ነው። የይለፍ ቃል መቀየር ይህን አያጠፋውም። እባካችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ ገብታችሁ እዩት፤ ፎርዋርዲንግ የሚለውን፣ ማስመለሻ ተብሎ የተመዘገበውን ስልክና ኢሜል፣ አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

*

መንግሥት የሚባለውን አንባቢም መዝለል አይቻልም።

ወረቀቱ ላይ ሕጋችን ጥሩ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የፖስታ ደብዳቤን፣ ስልክንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን የማይደፈር ያደርጋል፤ ሊገደብ የሚችለውም በሕግ በተደነገገ አስገዳጅ ምክንያት ነው ይላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ታሪካችን ግን ከወረቀቱ ጋር ሁልጊዜ አብሮ አልሄደም።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ይኖር የነበረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነበር። ፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል የተሸፋፈነ ስም ነው የሚያውቀው። ከኢሜል ጋር የመጣ የወርድ ፋይል ከፈተ፤ ፋይሉ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። በክሱ እንደተዘረዘረው ለወራት፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጋቢት፣ የስካይፕ ንግግሩ ተቀድቷል፣ ኢሜሉ ተገልብጧል። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተመዝግቧል። የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ ዘጋው። ሰው ከአገር ይወጣል፤ ኢሜሉ ግን ወጥቶ አያልቅም።

በ2013 መጨረሻ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ በሌላ ድርጅት ፕሮግራም ተመሳሳይ ነገር መሞከሩን የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ አጋልጧል። ሁለቱንም ታሪክ ሳነብ ያስደነቀኝ የቴክኖሎጂው ርቀት አይደለም። ሁለቱም የሚያውቁት በሚመስል መልእክት፣ የሚያጓጓ ፋይል ተያይዞ የመጣ ነው። ቁልፉን የሰበረ የለም። «ክፈቱልኝ» ተባለ፣ ተከፈተለት።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሽብር ከተመሠረተባቸው ክስ ዝርዝር ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ራስን ስለመጠበቅ የወሰዱት ሥልጠና ተጠቅሶ ነበር። «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባለው፣ ማንም ሰው አውርዶ ሊያነበው የሚችል መመሪያ። ገሚሶቹ በ2007 ክሳቸው ተቋርጦ ሲፈቱ፣ ሌሎቹ እስከ 2008 ድረስ ቆይተው ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። እዚህ ላይ ነው «ምን የምትደብቂው ነገር ኖሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሳሎን ወጥቶ ፍርድ ቤት የደረሰው። መጋረጃ መስቀል ማስረጃ ሆነ።

*

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ አዲስ አበባ በአንድ ሌሊት ቪፒኤን ተማረ። ታክሲ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች «አንቺ የትኛውን ነው ያወረድሽው? የኔ ይቆራረጣል» ይባባሉ ነበር። ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ፣ ሁሉም። እገዳው አምስት ወር ገደማ ቆየ።

እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ቪፒኤን ማለት በአጭሩ ሌላ ሰው ቤት ዞሮ መውጣት ነው። ቴሌ ወይም ሳፋሪኮም የሚያየው ወደዚያ ቤት መግባትሽን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዴት እንደሄድሽ ግን የቤቱ ባለቤት ያያል። ያ ባለቤት ማን ነው? አፑ ነጻ ከሆነ ደመወዙን ከየት ያገኛል? በእነዚያ ወራት ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ጆሮ ሸሽቶ ወደማያውቀው ጆሮ ሮጠ። ቪፒኤን አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም፤ ያኔ እኔም ተጠቅሜያለሁ፣ ከፍዬ። ስትጭኑት ግን እምነታችሁን ከአንዱ ወስዳችሁ ለሌላው እየሰጣችሁ እንደሆነ እወቁት።

ኢሜልም ያው ነው። ጂሜይል መንገድ ላይ ይሸፈናል፤ ጉግል ቤት ሲደርስ ግን ጉግል ቁልፉ አለው። እስከ 2017 ድረስ ማስታወቂያ ለመምረጥ በማሽን ደብዳቤያችንን ያስነብብ ነበር፤ ከዚያ ይህን ተወ። እንደ ፕሮቶን ያሉት አገልግሎቶች የደብዳቤውን ሆድ እነሱም እንዳያነቡት አድርገው ይቆልፉታል፤ ርዕሱ፣ ላኪውና ተቀባዩ ግን ፖስታው ላይ እንደተጻፈ አድራሻ ነው። «ስለ መውጣቴ ጉዳይ» ብሎ ርዕስ ሰጥቶ ሆዱን መቆለፍ ምን ዋጋ አለው? ለአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የነገርኳት ርዕሱን ባዶ እንድትተወው ነበር።

የኔ የራሴ ሥርዓት ቀላል ነው። ለኢሜሌ ሌላ ቦታ የማልጠቀምበት፣ አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት የተደረደሩበት የይለፍ ቃል አለኝ። ሁለተኛውን ማረጋገጫ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በአፕ ነው የምቀበለው፤ ሲም ካርድ በሌላ ሰው እጅ ሊወጣ ይችላልና። ያልጠበቅኩት ፋይል ከእናቴ ቢመጣ እንኳ ደውዬ «እማዬ፣ ልከሽልኛል?» ሳልል አልከፍትም። ከዚህ በላይ የማደርገው የለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለኢሜልም ይሠራል፤ አንዴ ከላክሽው ተቀባዩ እጅ ነው፣ ምንም ቁልፍ አይመልሰውም። ስለዚህ ትልቁ ጥበቃ ያለው የምንልክለት ሰው ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት አገሯ ገባች። ከኤርፖርት በቀጥታ እኛ ቤት ነው ያመጣኋት። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቡና እያፈላች፣ «እነዚያ የጻፍኩልሽ ነገሮች አሁንም አሉ?» አለችኝ።

«አሉ። ከፈለግሽ አሁኑኑ እሰርዛቸዋለሁ።»

ጀበናውን አስቀምጣ አሰበች። «አይ፣ ተያቸው» አለች። «አንድ ቀን ራሴ አነባቸው ይሆናል። ግን አንቺ ደግመሽ አታንብቢያቸው።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ያ ፎልደር ላይ ገብቼ አላውቅም።